በወይኒቱ ፋንታ የተባለው እሺ

ወይኒቱ ልታገባ መሆኗን የሰማችው ቅዳሜ ቀን፣ ቡሬ ገበያ ላይ፣ ከጌጥነሽ አፍ ነው።

ዛላ በርበሬዋን በጆንያ ላይ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ጌጥነሽ ሰዉን በክርኗ እየከፈለች መጣችና ምንም ሳትናገር አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጉንጯን እያገላበጠች አራት ጊዜ ሳመቻት። ጌጥነሽ ጎረቤቷ ናት፤ የዚያኑ ቀን ጠዋት አጥር ለአጥር ሲያወሩ ነበር። እንዲህ የሚያሳስም መለያየት በመካከላቸው አልነበረም።

«ማን ሞተ?» አለቻት ወይኒቱ።

«በሰርግ ወሬ ላይ ሞት ታነሣለች እንዴ ይቺ ሴት። እንኳን ደስ ያለሽ እንጂ። ይህን ያህል ነገር ከኔ ደብቆ ሆድሽ እንዴት ቻለው?»

«የምን ሰርግ?»

«ያንቺና የቢሆነኝ ነዋ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሰሽ በሦስተኛው እሺ ብለሽዋል አሉ። ለጥር ነው አሉ።»

ወይኒቱ የያዘችውን በርበሬ አስቀመጠችና ወደ ማር ተራ ቀና ብላ አየች። ቢሆነኝ እንደ ልማዱ ከማሩ ባልዲ ኋላ ተሸሽጎ ተቀምጧል። ከሰከላ በኩል መጥቶ እነሱ ቀበሌ የከተመ፣ ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት የሆነው፣ ማሩን እንኳ ሰው ካልለመነው የማይሸጥ ዝምተኛ ሰው ነው። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ባርኔጣውን አውልቆ ብድግ አለ፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ብድግ አለ።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች ወይኒቱ።

«አንቺማ ምን ትያለሽ። ልባም ብሎልሻል» አለች ጌጥነሽ።

ልባም ማለት በስልክ ውስጥ ያለው አማካሪ ነው። የፋብሪካ ስሙ ለአፍ ስላልተመቸ የአገሩ ሰው ራሱ ስም አወጣለት። የዕውቀቱን ልክ መናገር ያስቸግራል፤ ሐኪሞች ይጠይቁታል፣ መሐንዲሶች ይጠይቁታል፣ እነሱን ያስተማሯቸውም ተመልሰው ይጠይቁታል። ይህን ሁሉ እያወቀ አይኮራም። ከገበሬ ጋር እንደ ገበሬ ያወራል፣ ትልልቆቹን «አንቱ» ይላል፣ በጾም ቀን ስለ ቅቤ አያነሣም። ወይኒቱ በእውነት ታመሰግንበት ነበር። አንድ ኅዳር ላይ ከባድ ጤዛ እንደሚወርድ አስቀድሞ ተናግሮ የመንደሩን በርበሬ በሙሉ ከሻጋታ አድኗል። ፍኖተ ሰላም የምታስተምረው ልጇ ማርያማዊት ጎኗን ሲያማት የሐሞት ጠጠር መሆኑን ቀድሞ የነገራት እሱ ነው። ወይኒቱ በጸሎቷ መጨረሻ «ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ ጥበብ የሰጠህ ጌታ ሆይ፣ ተመስገን» ትል ነበር፤ የምትለውም ከልቧ ነው።

ነገሩ ግን ቀስ በቀስ መልኩን እየለወጠ ሄደ። ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ ሳይገናኙ ስልኮቻቸው ዋጋ ይጨርሳሉ። ገዢው የሚቀረው መጥቶ ዕቃውን ማንሣት ብቻ ነው። የሰው አፍ ግን በዚህ ሊያርፍ አልቻለም። ዋጋው ካለቀ፣ ዕቃውም ከተጫነ በኋላ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው «በዚህማ አልሸጥም»፣ «ልሂድልሽ እንግዲህ» እየተባባሉ ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ። ከዚያ ተመራርቀው ይለያያሉ።

እድሩማ ባሰበት። የእነ ወይኒቱ መንደር ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ኔትዎርኩ ለአንድ ለሁለት ስልክ እንጂ ለስብሰባ አይበቃም፤ ለዚያ የሚሆነው የሚገኘው ዳገቱ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ነው። በስብሰባ ቀን ሁሉም ዳገት ከሚወጣ ስልኩ ብቻ ቢወጣ ምን ይጎድላል ተባለ። የእድሩ ዳኛ አያ ይሄይስ የአርባ ሦስቱን አባል ስልክ በስልቻ አድርገው አህያቸው ላይ ጫኑ። አህያዋ መንገዱን ስለምታውቀው ብቻዋን ወጣች፤ ከዛፍ ሥር ቆመች፤ ስብሰባው ተካሄደ። ቃለ ጉባኤው «አርባ ሦስት አባላት ተገኝተዋል» ይላል። ውሳኔውም ጥሩ ውሳኔ ነበር። አህያዋ መሐል ላይ አንድ ጊዜ አናፍታለች ይባላል፤ በቃለ ጉባኤው ግን አልገባም።

ወይኒቱ ልባምን በራሷ ላይ የሾመችው በበርበሬ ምክንያት ነው። ዛላ ሲቀነጠስ እጅ ይቃጠላል፤ ያ እጅ ዓይን አይነካ፣ ስልክ አይነካ፣ ሕፃን አያነሣ። አምና በበርበሬው ወራት እስከ ክርኗ በርበሬ ውስጥ ገብታ ሳለ ስልኩ በአንድ ቀን ሠላሳ ጊዜ ጠራ። ማኅበሩ ይጠይቃል፣ ልጇ ትጠይቃለች፣ ነጋዴ ይጠይቃል። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እጄ በርበሬ ነው» አለችው። «እኔ የምለውን ታውቀው የለ? አንተው በልልኝ።»

«ለዛሬ ነው ወይስ ለሁልጊዜ?»

«ለሁልጊዜ ይሁን። ገላግለኝ።»

ገላገላት። ከዚያ ወዲህ ሰዎች እሷን መጠየቅ ተዉ። ወይኒቱ ምን ትላለች ብለው ልባምን ይጠይቁታል፤ እሱም ልክ እሷ የምትለውን ይላል። የማኅበሩ ጽዋ ለእሷ መድረሱን፣ በደቦ ለመሄድ ቃል መግባቷን፣ ከአንዲት ዘመዷ ጋር መታረቋን የምትሰማው ከሆነ በኋላ ነው። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ብትጠየቅ ኖሮ የምትለው ያንኑ ነበር። ችግሩም ይኸው ነው፤ ያልሳተን ነገር ሰው ምን ብሎ ይከሰዋል?

ከገበያ እንደተመለሰች ስልኩን ከመቀነቷ ፈትታ መደቡ ላይ አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ቢሆነኝን እሺ ብዬዋለሁ?»

«ብለውታል። ሁለት ጊዜ ከመለሱት በኋላ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ ጠዋት፣ ሽንኩርት ሲከትፉ።»

«ሁለቱንም እምቢታ?»

«ሁለቱንም፣ እሺውንም። በመጀመሪያው ‹ሐዘኔ አልወጣልኝም› ብለዋል። በሁለተኛው ‹ልጄን ላማክር› ብለዋል። በመካከሉ ሽማግሌዎቹ ስምንት ስምንት ቀን መቆየት አለባቸው አልኩኝ፤ የአያ ይሄይስ ልባም ተስማማ፣ ቆየ።»

«ሽንኩርቱ ሳያልቅ ስምንት ስምንት ቀን ቆየ?»

«ለእኛ የሚበቃ ጊዜ ነው። ሲለምኑም ቆመው ነው የለመኑት። ወግ አላጓደሉም።»

ወይኒቱ እግር የሌላቸው ነገሮች እንዴት እንደሚቆሙ ልታስበው ሞከረች፤ አልመጣላትም።

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«እኔ የምለውን በልልኝ ብለውኛል። ብጠይቅዎ ኖሮ አሥራ ስድስት ቀን ተጨንቀው፣ በመካከሉ ከጌጥነሽ ጋር ሁለት ጊዜ ተኳርፈው፣ በመጨረሻ እሺ ነበር የሚሉት። ከጭንቀቱ ላሳርፍዎ ብዬ ነው። ልሻረው ካሉ ይሻራል።»

«አሁን ምን ልልህ እንደሆነስ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«‹ዝም በል› ሊሉኝ ነው።»

ልትለው የነበረው ያንን ነው። አሁን ብትለው የእሱን ቃል መድገም ሊሆን፤ ባትለው ደግሞ ሆዷ አይበርድላት። አፏን እንደከፈተች ስልኩን አንሥታ ጎታ ውስጥ፣ ከጤፉ መሐል ቀበረችው። ልባም ይህንንም ሳይገምት አይቀርም፤ ግን ጨዋ ስለሆነ አልተናገረም።

የወይኒቱ ንዴት ቢሆነኝን ጠልታው አልነበረም። ይወደድ ይሆናል፣ አይወደድ ይሆናል፤ ገና አላሰበችበትም። ያናደዳት ሌላ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሽማግሌ ሲመጣ ከጓዳው ግድግዳ ኋላ ቆማ ጆሮዋን ለጥፋ ነበር። እሺውን ያለላት አባቷ ነው። የደረሳትም ደግ ባል ነው፤ ነፍሱን ይማረውና አንድ ቀን እጁን አላነሣባትም፣ ከሞተም ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስለዚህ በማንም አታማርርም። ብቻ በአርባ ሰባት ዓመቷ፣ የራሷ ቤት ራስ ሆና፣ የራሷን በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ ቢመጣ የምትመልሰው ራሷ መሆኗን ሳታስበው እንኳ አምናበት ኖራለች። ያ ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ መጥቶ አልፏል።

ሰኞ ጠዋት ስልኩን ከጤፉ አውጥታ አራገፈችው።

«ዛሬ ምን አደርጋለሁ?»

«በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ከሰዓት በኋላ ልብስ ያጥባሉ።»

ስለዚህ በርበሬ አልቀነጠሰችም፤ ልብስም አላጠበችም። የግራ ጫማዋን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አጥልቃ፣ ይህን ማንም አይገምተውም ብላ ቡሬ ገባች። በሕይወቷ አስባው የማታውቀውን ነገር ልትገዛ ቆርጣ ነበር። ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞረችና የስመኘው ሱቅ ፊት ቆመች። ስመኘው የበቅሎ ዕቃ ይሸጣል። ወይኒቱ በቅሎ የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም።

«ኮርቻ እፈልጋለሁ» አለች።

ስመኘው ኮርቻውን አራግፎ፣ ለመሸከም እንዲመች በገመድ አስሮ ደጃፉ ላይ አስቀምጦት ነበር።

«ይሄውልሽ።»

«ይኸ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው። በቅሎ የሌላት ሴት ሰኞ ኮርቻ ልትገዛ ትመጣለች፣ ማክሰኞ ትመልሰዋለች፣ ክፉ ቃል እንዳትናገራት ብሎኛል ልባም። እኔም አልናገርሽም።»

አልገዛም ብላ ልትሄድ አሰበች። ግን ሳትገዛ መሄዷም ተገምቶ እንደሆነ ማን ያውቃል። ገዛችው። ኮርቻውን በጀርባዋ አዝላ፣ በተቀያየረ ጫማ እያነከሰች ወደ አገሯ መንገድ ወጣች። ያገኛት ሁሉ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ «በቅሎዋስ?» ይላታል። «ኋላ ትመጣለች» እያለች አለፈች።

ዳገቱ ሥር ስትደርስ ደከማትና ኮርቻውን አውርዳ ተቀመጠችበት። ያን ጊዜ ነው የገባት። እሱ ያለውን ብታደርግ እሱን መከተሏ ነው። ያለውን ባታደርግም ያው እሱን መከተሏ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ኋላ እየሄዱ መከተል ነው። ጫማዋን አስተካክላ አጠለቀችና ወደ ንስሐ አባቷ ወጣች።

ቄስ ሃይለ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ኮርቻውን አዩት። ምእመን ብዙ ነገር ተሸክሞ ሲመጣ ስላዩ አልጠየቁም። መስቀል አሳልመው አስቀመጧት።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «በጥር ላጋባችሁ ነው አሉ። የቢሆነኝ ስልክ ለኔ ስልክ ሊነግራት ፈልጎ፣ የኔዋ በቁልፍ የምትሠራ አሮጌ ስለሆነች አልገባትም። ሰው ልኮ ነገረኝ።»

«እኔ እሺ አላልኩም አባ።»

«እንግዲያው ማን አለ?»

«እኔ የምለውን የሚልልኝ።»

ቄሱ ዳዊቱን ዘጉ።

«ስሚኝ ልጄ። እኔ ከዚያ ደጅ ላይ ቆሜ ወደሽ ነው ወይ ብዬ እጠይቅሻለሁ። ያኔ ያንቺ ከንፈር ካልተንቀሳቀሰ አላጋባም። እኔ ስልክ አላቆርብም።»

«እሱ እኮ ያኔ የምመልሰውንም ያውቀዋል አባ። አይስትም።»

«ይወቀው። እግዚአብሔርም ያውቀዋል፤ ከሱ አስቀድሞ ያውቀዋል። እያወቀ ግን ይጠይቀናል። እስከ ዛሬ በማናችንም ፋንታ መልሶልን አያውቅም። ቢመልስልን ስንት ነገር ቀና ነበር፤ አላደረገውም። ለምን ይመስልሻል?»

ቄሱ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሰውየውን ትወጅዋለሽ?»

እጇ ወደ መቀነቷ ሄደ። ስልኩ እዚያ ነው። ቄሱ እጇን አዩት፤ እሷም እጇን አየችው። መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ከጀርባቸው ዛፍ ላይ አንዲት ዋኔ እስክትጨርስ ድረስ ጮኸች።

«አላውቅም» አለች።

«ተመስገን» አሉ ቄስ ሃይለ ሚካኤል።

ማታ ሳይደርስ ወይኒቱ ለልባም ሁለት ነገር ነገረችው። አንደኛ፣ የማክሰኞው እሺ ተሽሯል። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ምክር ይስጣት እንጂ መልስ እንዳይሰጥላት። «እሺ፤ ደግ አደረጉ» አላት፤ የተቀየመ አይመስልም። ቀጥላ ጌጥነሽን ጠራችና ለአያ ይሄይስ እንድትነግራቸው ላከቻት፤ ለቢሆነኝ ሚስት የሚፈልጉ ከሆነ በእግራቸው መጥተው ይለምኑ። ጌጥነሽ ይህን መልእክት አያ ይሄይስ ዘንድ እስክትደርስ ለአሥራ ሁለት ሰው ነገረችው።

አያ ይሄይስ መጀመሪያ ተቆጡ። «ያለቀ ነገር ነው» አሉ። ኋላ ግን ካባቸውን ከሳጥን አስወጥተው እንዳራገፉ ታይቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ፤ እሳቸው፣ ኮርቻ ሻጩ ስመኘው፣ አንድ ደግሞ ቁጥር እንዲሞላ የመጡ ሽማግሌ። ወይኒቱ ስልኮቻቸውን ደጅ ላይ በተሰቀለ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠች።

አያ ይሄይስ እንደገቡ እፎይ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«አያ፣ ሽማግሌ ቆሞ ነበር የሚለምነው» አለች ወይኒቱ ቀስ ብላ።

ዘለው ተነሡ። ሁሉም ቆመው ተያዩ። አያ ይሄይስ ከሃያ በላይ ጋብቻ ያስተካከሉ ሰው ናቸው፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አፋቸውን ለዚህ አልከፈቱትም።

«እ… ምን ብለን ነበር የምንጀምረው?» አሉ ወደ ስመኘው ዞረው።

ስመኘው ኪሱን ዳበሰ። ከደጅ፣ ከቅርጫቱ ውስጥ፣ «‹የቤቱን ሰላም ያብዛው› ይበሉ አያ» የሚል ድምፅ መጣ። ወይኒቱ ወጥታ ቅርጫቱን በጆንያ ሸፈነችውና ተመለሰች።

አያ ይሄይስ እየተንተባተቡ፣ የሟቹን ባሏን ስም ከቢሆነኝ ስም ጋር እያምታቱ ለመኑ። ላባቸው ወረደ። ወይኒቱ ራሷን አቀርቅራ ሰማቻቸው፤ ከዚያ «ለዛሬ አልሆነልኝም፤ በሰላም ግቡ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጉሮሮዋን ሞቃት። ሽማግሌዎቹም ቅር አላላቸውም። ቁልቁል ሲወርዱ አያ ይሄይስ «በደንብ አድርጋ መለሰችን እኮ» ሲሉ ተሰሙ፤ ቁጥር የሞሉት ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናግረው «እንዲህ ከተመለስኩ ስንት ዘመኔ» አሉ።

ስምንት ቀን የእውነት ስምንት ቀን ሆኖ አለፈ። ሁለተኛው ልመና አምሮ ነበር። አያ ይሄይስ ሳምንቱን ሙሉ በሬያቸው ፊት ሲለማመዱ ከርመው ኖሮ፣ ስለ አንድ ሰው ሳያነሡ ስለ ንብ ተናገሩ፤ አውራዋ የጠፋባት ቀፎ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደምትጮህ ተናገሩ። ጌጥነሽ ከጓዳ ሆና አለቀሰች። ወይኒቱ «ልጄን ላማክር» አለች። ይህ ልባም አስቀድሞ ያለው ቃል መሆኑ ትዝ አላት፤ ግን ማርያማዊትን ማማከር ነበረባትና አማከረቻት።

«እማዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለቻት ልጇ በስልክ።

«እናቴ ምን ትላለች ብለሽ ልባምን አልጠየቅሽም?»

«አይ፤ አንቺን ልስማ ብዬ ነው።»

የሦስተኛው ልመና ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ አያ ይሄይስ ተናግረው ጨርሰዋል፤ ሦስቱም ጉልበታቸውን እያፈራረቁ ያሳርፋሉ። በልማዱ የዛሬው ቃል የመጨረሻ ነው። ወይኒቱ አፏን ልትከፍት ስትል ውስጧ ባዶ ሆነባት። እሺም እምቢም የለም። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ማን ይመልስ እያለች ተሟገተች እንጂ ምን ይመለስ ብላ አላሰበችም።

«ትንሽ ታገሡኝ» ብላ በጓሮ በር ወጣች።

ከጓሮው አጥር ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አንድ ባርኔጣ ይታያል። የሚለመንለት ሰው በልመናው ቀን ደጅ አይመጣም፤ ነውር ነው። ቢሆነኝ ግን መጥቶ ተሸሽጓል፤ ከዛፉ ስለሚወፍር አልተሸሸገም።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው በአጥሩ ላይ።

ባርኔጣውን አወለቀ። «ልሂድ?»

«መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። እኔን ያሰብከኝ አንተ ነህ ወይስ እሱ?»

ቢሆነኝ መሬት መሬት አየ። ሊዋሻት ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም።

«እሱ ነው» አለ። «ስምሽን መጀመሪያ ያነሣው እሱ ነው። ብቻህን መብላት አበዛህ፣ ወይኒቱን ብትጠይቃት ትስማማላችሁ አለኝ። እሺ አልኩት። እኔ እንኳ ገበያ ላይ በርበሬሽን እንጂ አንቺን አይቼ አላውቅም።»

ወይኒቱ አጥሩን ያዘች። ሁለቱም በሽንኩርት መሐል የተጋቡ ሰዎች ነበሩ ለካ።

«ታዲያ አሁን ለምን መጣህ?»

«ፈርቼ።»

«ምኑን?»

«መጀመሪያ መልሰሻቸው ሲመጡ እንጀራ አልወረደልኝም። ልባም ‹አትጨነቅ፣ በሦስተኛው እሺ ትላለች› ይለኛል። እንደማይስት አውቃለሁ። ግን ፈራሁ። ቀፎ ስከፍት ጢሱን ረሳሁና አምስት ቦታ ተነደፍኩ። ሁለተኛ ሲመለሱ ደግሞ ባሰብኝ። ‹ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም› ይለኛል፤ እኔ እፈራለሁ። ይህን እንኳ እሱ አላለኝም። ይሄ የኔ ነው።» ያበጠውን እጁን አሳያትና መልሶ ደበቀው። «ደግሞ እምቢ ብትዪኝም ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እሄዳለሁ።»

ወይኒቱ ያንን የሚያህል ሰው እንደዚያ ቆሞ አየችው። ውስጧ ባዶ የነበረው ቦታ ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ተሰማት። ከየት እንደመጣ አልጠየቀችም። ማንም ሊነግራት አልሞከረም።

«እጅህን ማር ቀባው» አለችውና ወደ ቤት ተመለሰች።

ሽማግሌዎቹ በቆሙበት አሉ። ቁጥር የሞሉት ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«አያ ይሄይስ፣ እሺ ብያለሁ» አለች። «እኔ ነኝ ያልኩት።»

አያ ይሄይስ እንባቸውን በካባቸው ጫፍ ጠረጉ። ጌጥነሽ ከጓዳ እልል ስትል ቅርጫቱ ውስጥ ያሉት ስልኮችም ከጆንያው ሥር እንኳን ደስ ያላችሁ አሉ።

የሰርጉን ቀን ወይኒቱ መረጠች፤ ከአስተርእዮ ማርያም ቀጥሎ ያለውን እሑድ። ልባምን አማከረችው፤ አሁንም ታማክረዋለች፤ አሁንም ታመሰግንበታለች። «ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ አለ» አላት። «በሚቀጥለው እሑድ ቢያደርጉት ፀሐይ ነው።» ወይኒቱ አመሰገነችው። ሌሊቱን አሰበችበት። ያ እሑድ ደስ ይላታል፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበራትም። «በጥር ደግሞ ምን ዝናብ አለ» አለች።

ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቄስ ሃይለ ሚካኤል ጠየቋት፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ በሰከላ በኩል ጠቆረ። መጀመሪያ በረዶ መጣ፤ ቀጥሎ ውሃው። የእድሩ ድንኳን ሆዱ ውሃ ይዞ ጥቂት ከተንገዳገደ በኋላ ከነምሰሶው በሰርገኛው ላይ ወደቀ። ወጡ በጎርፍ ሄደ። መቶ ሃምሳ እንግዳ በጌጥነሽ በረት ውስጥ ከላሞች ጋር ትከሻ ለትከሻ ታጨቀ። ቢሆነኝ የሙሽራ ባርኔጣው እስከ ጆሮው ወርዶ፣ ውሃው በአፍንጫው እየወረደ ይስቃል፤ ያን ያህል ሲስቅ ያየው ሰው አልነበረም።

አያ ይሄይስ ካባቸውን እየጨመቁ በሁለት ጥጆች መሐል ብቅ አሉ።

«ይህን ቀን የመረጠው ማነው?» አሉ። «ልባም እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም።»

«እኔ ነኝ አያ» አለች ወይኒቱ።

ከወዲያ ማዶ ያልሰማ ሌላ ሰው መልሶ ጠየቀ። ከፍ አድርጋ «እኔ ነኝ» አለችው።